እያስተማሩ መማር፤ ስለ ትርፍ ጊዜ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት

ሰኔ ተጋምሶ የፈተናው ወረቀት ታርሞ ሲያበቃና ማርክ ወደ ሮስተር መገልበጥ ሲጀመር፣ በየመምህራን ማረፊያ ክፍሉ አንድ ጥያቄ ይነሣል። «ዘንድሮስ ትመዘገባለህ ወይስ ለከርሞ ታሳድረዋለህ?» ይባባላሉ። ነገሩ ሥራ ሳይለቁ በክረምት፣ በማታ ወይም በርቀት ስለሚማሩት የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ነው። ውሳኔው ከመምህሩ ኪስና ከቤተሰቡ ሁኔታ ጋር ብቻ የተያያዘ ሊመስል ይችላል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንሞክረው ሌላም ባለጉዳይ መኖሩን ነው። እርሱም በሚቀጥለው መስከረም ከዚያ መምህር ፊት የሚቀመጠው ተማሪ ነው። ትምህርቱ በአግባቡ ከተያዘ የመጀመሪያው ተጠቃሚ ተማሪው ይሆናል፤ ካልተያዘ ደግሞ ጉዳቱ ከማንም በፊት የሚደርሰው በእርሱ ላይ ነው።

በመሠረቱ ስሙ ራሱ ያሳስታል። «የትርፍ ጊዜ ትምህርት» ሲባል መምህሩ ከሥራው የተረፈ፣ ባለቤት የሌለው ጊዜ ያለው ያስመስላል። በሳምንት 20 እና ከዚያ በላይ ክፍለ ጊዜ የሚያስተምር፣ የትምህርት ዕቅድ የሚያዘጋጅ፣ ደብተር የሚያርም፣ የክፍል ተጠሪ የሆነ፣ ማታ ቤቱ ሲገባም ልጆች የሚጠብቁት ሰው ትርፍ ጊዜው የቱ ላይ ነው? ጊዜው የሚገኘው ከሌላ ነገር ላይ ተቀንሶ ነው። ስለሆነም ከመመዝገብ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው «ጊዜ አለኝ ወይ?» ሳይሆን «ከምኑ ላይ እቀንሳለሁ?» የሚለው ነው። ከእንቅልፍ፣ ከቤተሰብ፣ ከማኅበራዊ ኑሮ (ከለቅሶና ከሠርግ መቅረት በእኛ አገር ቀላል ዕዳ አይደለም)፣ ወይም ከክፍል ሥራ ይቀነሳል። የመጨረሻውን ማንም አስቦበት አይመርጠውም፤ ሳይታሰብ ሾልኮ የሚገባው ግን እርሱ ነው።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት ነገሩ ከየት እንደመጣ በአጭሩ እንመልከት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1950 ሲሆን፣ በዩኒቨርሲቲው የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት የተቋቋመው ግን እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ከዚያ በፊት ሁለተኛ ዲግሪ የሚሻ መምህር በአብዛኛው ዐይኑን ወደ ውጭ አገር ማቅናት ነበረበት። ዛሬ በየክልሉ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ትምህርት ስለሚሰጡ መንገዱ አጥሯል። ሥራ ሳይለቁ መማርም በሌላው ዓለም የቆየ ነገር ነው። የደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ በተልእኮ ማስተማር የጀመረ ሲሆን፣ የብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቁሞ የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች በ1971 ተቀብሏል። በጎረቤታችን በኬንያ ትምህርት ቤቶች በዓመት ሦስት ጊዜ ስለሚዘጉ፣ መምህራን የየዕረፍቱን ሳምንታት እየተጠቀሙ የሚማሩባቸው ፕሮግራሞች አሉ። የእኛ አገር የትምህርት ዘመን አንድ ረዥም ዕረፍት ብቻ ስላለው ግን የእኛ መምህራን ዋና መንገድ ክረምት ሆኗል።

የማታና የቅዳሜና እሑድ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ ለሚያስተምር ይመቻል። ገጠር ላለው መምህር ግን የማይደረስበት ነው። የርቀት ትምህርት በአንጻሩ የትም ይደርሳል፤ ሞጁሉን ከፍቶ ብቻውን የሚያነብ፣ ማንም ሳይቆጣው ለራሱ ቀጠሮ የሚያከብር ሰው ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ሰው አለ፤ ብዙ ግን አይደለም። እያንዳንዱ ራሱን ያውቃልና በዚህ ላይ አንቆይም።

በክረምቱ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ስሌቱ ብዙ ጊዜ በቅጡ አይታይም። አንድ የሦስት ክሬዲት ኮርስ በመደበኛው ሴሚስተር በሳምንት ሦስት ሰዓት፣ ለ16 ሳምንታት ያህል ቢሰጥ 48 ሰዓት ይሆናል። ሐምሌና ነሐሴ ተደምረው ስምንት ሳምንት ገደማ ናቸው። እንግዲህ ያው ኮርስ በክረምት በሳምንት ስድስት ሰዓት ሊፈጅ ነው። አራት ኮርስ የያዘ መምህር በሳምንት 24 ሰዓት ክፍል ውስጥ ይቀመጣል ማለት ነው። ለአንድ የክፍል ሰዓት አንድ የንባብ ሰዓት ብቻ ቢጨመርበት 48 ይደርሳል። ዓመቱን ሙሉ ሲያስተምር የከረመ ሰው ሳያርፍ ወደዚህ ይገባል። መብራት ይጠፋል፤ ዝናቡ መንገዱን ይዘጋል፤ የማደሪያው ክፍል ይጠባል፤ መጽሐፉ አንድ ሆኖ ፈላጊው ሠላሳ ይሆናል። ሕፃን አዝላ የምትመጣ መምህርት ደግሞ በዚህ ሁሉ ላይ ሞግዚት ፍለጋ ትጨምርበታለች። ባል ለትምህርት ሲሄድ ቤቱ ሚስት አለችው፤ ሚስት ስትሄድ ግን ቤቱ ለማን ይተዋል? ብዙ ጎበዝ መምህራት በየዓመቱ «ለከርሞ» የሚሉት ፍላጎት አጥተው አይደለም።

ክረምቱ ሌላም ጣጣ አለው። ነሐሴ ላይ የተማሩት ለሚቀጥለው ሐምሌ አሥር ወር ይቀረዋል። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው የማስታወስ ጥናት ራሱን መፈተኛ አድርጎ፣ ትርጉም የሌላቸው ቀለሞችን እያጠና የሚረሳውን ለካ። ያገኘው ውጤት፣ መርሳት ፈጥኖ የሚሮጠው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ ግን እንደሚዘገይ ነው። አንድ የሚያጽናና ነገርም አግኝቷል። የተረሳ የሚመስለውን እንደገና ማጥናት ከመጀመሪያው ጥናት ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። ከዚህ በመነሣት እኛ የምንመክረው ጳጉሜን ሳታልፍ የክረምቱን ማስታወሻ አንድ ጊዜ መከለስ፣ ከዚያም በጥቅምትና በጥር በዕረፍት ቀን አንድ አንድ ሰዓት መመለስ ነው። ብዙዎቻችን የምናደርገው ግን ማስታወሻውን በፌስታል ጠቅልለን ከአልጋ ሥር መክተት ነው።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አንልም። አንዳንዱ በመንግሥት ወጪ ይማራል፤ ሌላው ከኪሱ ይከፍላል። የክፍያው መጠን ከተቋም ተቋም ይለያያል። ከምዝገባው ክፍያ ይልቅ የሚያስቸግረው የትራንስፖርቱ፣ የቀለቡ፣ የፎቶ ኮፒውና የሕትመቱ ወጪ ነው። እነዚህ ተቆጥረው አያልቁም። በአንድ ትምህርት ቤት ያሉ መምህራን ተሰብስበው ሰኔ ላይ የሚደርስ ዕቁብ ሲጥሉ አይተናል፤ ከብድር የተሻለ መላ ነው።

አሁን ወደ ክፍሉ እንመለስ። አምስት ክፍል፣ በእያንዳንዱ 60 ተማሪ የሚያስተምር መምህር አንድ ፈተና ሲፈትን 300 ወረቀት ይጠብቀዋል። ለአንድ ወረቀት አራት ደቂቃ ቢሰጥ 1,200 ደቂቃ፣ ማለትም 20 ሰዓት ነው። የጥናት ዕቅድ ማስረከቢያ ቀንና ይህ የእርማት ጊዜ ሲገጣጠሙ ምን ይሆናል? ድርሰት የነበረው ጥያቄ ወደ ምርጫ ይለወጣል፤ የቤት ሥራ «ተሠራ፣ አልተሠራም» ተብሎ ብቻ ይታያል። ማንም አያስተውልም፤ ርዕሰ መምህሩም አይጠይቅም።

በእኛም ላይ ደርሷል። በአንድ የኅዳር ወር፣ የጥናት ዕቅዳችንን ሌሊት ሌሊት እየጻፍን ቀን ቀን እናስተምር ነበር። ረቡዕ ዕለት አሥረኛ ክፍል ገብተን ሰሌዳውን እስከ ግማሽ ድረስ በጠመኔ ሞልተን ስንዞር፣ ተማሪዎቹ እስክሪብቶአቸውን አስቀምጠው ያዩናል። ከፊት የተቀመጠች ልጅ እጇን አውጥታ በትሕትና «ቲቸር፣ ይህን ኖት እኮ ሰኞ ሰጥተውናል» አለችን። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለን ነበር። ልጆቹ አለመሳቃቸው ነገሩን ከዚያ ቀደም ብለው እንዳስተዋሉት ነገረን። የዚያን ቀን ማታ ከቤተሰብ ጋር ተመካክረን አንድ ውሳኔ ወሰንን፤ ከሰኞ እስከ ዐርብ ለማግሥቱ ክፍል ሳንዘጋጅ የጥናቱን ወረቀት አንነካም አልን። ጥናቱ በዚህ ምክንያት አንድ ክረምት ዘገየ፤ አሁንም አይቆጨንም።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላል ያገራችን ሰው። እውነት ነው። ሆኖም የትምህርት ሙያ ሁለተኛ ዲግሪ ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ሁለቱን ዛፎች አንድ ማድረግ ይቻላል። የሚጠናው ነገር የሚያስተምሩት ክፍል ራሱ ሊሆን ይችላልና። ይህ ካልሆነ መምህሩ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ይህ ከሆነ ግን አንዱን ሥራ በጥልቀት ይሠራል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው የመመረቂያ ጽሑፉ ላይ ነው። ኮርስ ሲሆን መምህር አለ፣ ጓደኛ አለ፣ የፈተና ቀን አለ። የመመረቂያ ጽሑፉ ዘመን ግን መምህሩ በየወረዳው ተበትኖ፣ አማካሪው ሩቅ ሆኖ፣ ማንም «የት ደረስክ?» ሳይለው የሚያልፍ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ደግሞ ከርዕሱ ነው። «በክልሉ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የትምህርት ጥራትን የሚወስኑ ሁኔታዎች» የሚል ርዕስ ለጆሮ ያምራል። ለመሥራት ግን በየወረዳው መዞር፣ መጠይቅ በመቶዎች ማባዛት፣ ከዚያም ኤስ ፒ ኤስ ኤስ የተባለውን የስታትስቲክስ ፕሮግራም ለሚያውቅ ሰው ከፍሎ ሠንጠረዥ ማውጣት ይጠይቃል። በመጨረሻ የሚገኘው ድምዳሜ ብዙውን ጊዜ ሁሉም አስቀድሞ የሚያውቀው ነው፤ የመጻሕፍት እጥረት አለ፣ የወላጆች ክትትል አናሳ ነው የሚል። ሠንጠረዥ ስለበዛበት ሳይንሳዊ የሚመስል ጥናት ሁሉ ሳይንሳዊ አይደለም።

በሌላ ወገን መምህሩ በራሱ ክፍል የሚያየውን ችግር ደረጃ በደረጃ የሚመረምርበት መንገድ አለ። በእኛ ትምህርት ቤቶች ተግባራዊ ምርምር ይባላል። ቃሉን ያስተዋወቀው ኩርት ሌዊን ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1946 ነው። ስቲቨን ኮሪ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው መጽሐፍ ወደ ትምህርት ቤት አመጣው። እንግሊዛዊው ሎረንስ ስቴንሃውስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው የሥርዓተ ትምህርት መጽሐፉ መምህሩ ራሱ ተመራማሪ መሆን አለበት ብሎ ተከራክሯል። አሠራሩ ሲጠቃለል ይህ ነው፤ ችግሩን በጠባቡ ለይቶ ማወቅ፣ አንድ ለውጥ ማቀድ፣ ለውጡን በክፍል ውስጥ መሞከር፣ የሆነውን መዝግቦ መመልከት፣ ከዚያም ቆም ብሎ አስቦ እንደገና መጀመር።

ለምሳሌ አንድ የዘጠነኛ ክፍል የባዮሎጂ መምህር ተማሪዎቹ ጥያቄ እንደማይጠይቁ አስተዋለ እንበል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ዝምታው የመጣው ትምህርቱ ስላልገባቸው ነው ወይስ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ማዋቀር ስላቃታቸው? ይህ በአንድ ክፍል ሊጠና የሚችል ጥያቄ ነው። መምህሩ ለሁለት ሳምንት ማን ስንት ጊዜ እንደጠየቀ ይመዘግባል። ቀጥሎ ተማሪዎቹ ጥያቄአቸውን መጀመሪያ በቈጠሩት ቋንቋ በብጣሽ ወረቀት ጽፈው፣ ከጎናቸው ካለው ልጅ ጋር ወደ እንግሊዝኛ መልሰው እንዲያቀርቡ ያደርጋል። ከዚያ ይቆጥራል፣ ያነጻጽራል። ማስረጃው ከእጁ ላይ ነው፤ የተማሪዎች ደብተር፣ የፈተና ወረቀት፣ የመቅረት መዝገብ፣ የራሱ የየዕለት ማስታወሻ። መጠይቅ በየከተማው ተሸክሞ መዞር አያስፈልገውም። ጥናቱ ባይሳካ እንኳን ክፍሉ የሚያጣው ነገር የለም። እንዲህ ያለው ጥናት ስለ ክልሉ ሁሉ ለመናገር አያስችልም፤ መምህሩም ይህን በጽሑፉ ውስጥ በግልጽ ማመን አለበት። ርዕሱን ከመጀመሪያው ክረምት ጀምሮ በልቡ የያዘ መምህር በሦስተኛው ክረምት ባዶ እጁን አይሆንም።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር አለ። ማርክ የሚሰጥ ሰው ተማሪውን «በጥናቴ ትሳተፋለህ ወይ?» ቢለው ተማሪው እምቢ ለማለት አይደፍርም። ስለዚህ ፈቃዱን ሌላ መምህር ቢጠይቅ፣ መልሱም ከማርክ ጋር እንደማይገናኝ በግልጽ ቢነገር፣ ለወላጆችም ቢገለጽ፣ በጽሑፉም የልጅ ስም ባይወጣ ይገባል። ለግማሹ ክፍል የሚጠቅም ነገር ሰጥቶ ከሌላው ግማሽ መንፈግም ነውር ነው፤ ቢያንስ ሙከራው ሲያበቃ ለሁሉም መድረስ አለበት።

አማካሪን በተመለከተ የተመራቂዎች ቅሬታ ብዙ ነው፤ ስልክ አያነሣም፣ ወረቀት ያቆያል ይባላል። ቅሬታው እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ «እባክዎ ይዩልኝ» ብሎ ሰባ ገጽ ከመላክ፣ ስምንት ገጽ ልኮ «በሦስተኛው ገጽ ላይ ናሙናዬን የመረጥኩበት ምክንያት በቂ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ፈጥኖ መልስ ያስገኛል። አማካሪውም የእርማት ክምር ያለበት መምህር ነውና። ጽሑፉን በአንድ ፍላሽ ብቻ መያዝ እንደማይገባም እንጨምር፤ ከመካከላችን አንዱ በአውቶቡስ ላይ ፍላሹ ጠፍቶበት ሁለት ምዕራፍ እንደገና ጽፏል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ሌላ ነው። በየዩኒቨርሲቲው ዙሪያ ካሉ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች አንዳንዶቹ የመመረቂያ ጽሑፍ በገንዘብ ይጽፋሉ። ተማሪ ሲኮርጅ ይዘን የምንቀጣ መምህራን በዚህ በር መግባታችንን እንዴት እናየዋለን? የደከመው፣ ጊዜው ያለቀበት፣ ከሩቅ ወረዳ የመጣ መምህር ለምን እንደሚፈተን እናውቃለን። ብንረዳውም አንደግፈውም። ሌላ ሰው የጻፈለትን ጥናት የያዘ መምህር ወደ ክፍሉ ይዞት የሚመለስ ነገር የለውም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ከተማሪዎቹ የቀነሰው ሰዓትም በከንቱ ቀርቷል።

ይህን መጽሔት የምታነቡ ተማሪዎችም በዚህ ጉዳይ ድርሻ አላችሁ። መጠይቅ ሲታደላችሁ አብዛኞቻችሁ ከላይ እስከ ታች «በጣም እስማማለሁ» የሚለውን ምልክት አድርጋችሁ ወደ ጨዋታችሁ ትሮጣላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ መምህሩ ደስ እንዲለው ብላችሁ ትመልሳላችሁ። ያ ወረቀት ፈተና አይደለም፤ ትክክለኛ መልስ የለውም። በዚያ ላይ የምትሰጡት መልስ እናንተ ስለምትማሩበት ክፍል የሚጻፍ ጽሑፍ ይሆናል። መመለስ ካልፈለጋችሁ ባዶውን መመለስ መብታችሁ ነው። ከመለሳችሁ ግን ያያችሁትን ጻፉ። መምህራችሁ ደክሞት ከታያችሁም፣ ያቺ የአሥረኛ ክፍል ልጅ እንዳደረገችው በትሕትና ንገሩት።

ዲግሪው ከተገኘ በኋላስ? የደመወዝና የደረጃ ዕድገት አንዱ ምክንያት መሆኑን መደበቅ አይገባም፤ መምህር የሚበላው ይፈልጋል። ከተመረቁት ብዙዎች ወደ ኮሌጅ፣ ወደ ቢሮ ወይም ወደ ሌላ ድርጅት ይሄዳሉ። በዚህ አንወቅሳቸውም። የምናዝነው የመመረቂያ ጽሑፉ ስለ እገሌ ትምህርት ቤት ተጽፎ፣ በዚያው ትምህርት ቤት አንድም ሰው ሳያነበው ሲቀር ነው። አንድ ቅጂ ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት መስጠት፣ ርዕሰ መምህሩም አንድ ከሰዓት በኋላ አመቻችቶ ተመራቂው ያገኘውን ለባልደረቦቹ በአማርኛ እንዲያስረዳ ማድረግ ወጪ የለውም። እኛ ባለንበት ትምህርት ቤት ይህ ሁለት ጊዜ ተደርጓል። ሁለተኛው ጊዜ ላይ ክርክሩ ስለበረታ ጥበቃው በር ሊዘጋ መጥቶ አስወጥቶናል።

በመጨረሻ ለዘንድሮ ላሰባችሁ አንድ ማስታወሻ እነሆ። ዩኒቨርሲቲዎች ከማመልከቻው ጋር ኦፊሺያል ትራንስክሪፕት ይጠይቃሉ፤ ይህም ታሽጎ ከቀድሞው ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር በቀጥታ የሚላክ እንጂ በእጅ የሚያዝ አይደለም። ከተመረቃችሁበት ቦታ ርቃችሁ የምትሠሩ ከሆነ ሳምንታት ሊፈጅ ስለሚችል በሚያዝያ ጀምሩት። በትምህርት ሚኒስቴር በኩል የሚሰጠው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ብሔራዊ ፈተና ምዝገባም የራሱ ቀን አለው፤ ማስታወቂያው እስኪደርሳችሁ ሳትጠብቁ ራሳችሁ ተከታተሉ። ከትምህርት ቤታችሁና ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚያስፈልጋችሁን ደብዳቤ ደግሞ ሰኔ ሳይገባ ውሰዱ፤ ሰኔ ላይ ማኅተሙን የያዘው ሰው በፈተና ሥራ ስለሚወጠር አይገኝምና።